በጄት ሞተር ውስጥ ነፋስ ስለሚሠራው ሥራ

ከመርካቶ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ዕቃ ለማምጣት ወደ ዱባይና ወደ ጓንግዡ በአይሮፕላን ይመላለሳሉ። ሸኝቶ የሚመለስ ቤተ ሰብም፤ ያ ሁሉ እሳት ሲነድ የሞተሩ ብረት እንዴት አይቀልጥም ብሎ ቢሠጋ አይፈረድበትም።

በእውነትም በዛሬ ዘመን የጄት ሞተር ውስጥ የሚነደው ጋዝ ከ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚግል፤ ተርባይን የሚባለውን መዘውር ምላጮች ለማቅለጥ ይበቃል። የሚያድናቸው ነፋስ ነው። የቀጥቃጭ ወናፍ ነፋስን ወደ ፍም ልኮ እሳቱን ያበረታል፤ እዚህ ግን ሞተሩ ስቦ ካመቀው ነፋስ ጥቂቱ ወደ እሳቱ ሳይገባ ተለይቶ፤ በምላጮቹ ሆድ ባሉት ቀጫጭን መንገዶች አልፎ፤ በትናንሽ ቀዳዳዎች ይወጣና እንደ ነጠላ ይሸፍናቸዋል። ይህም ነፋስ ራሱ ከ500 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ቀዝቃዛ መባሉ ከእሳቱ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ሌላው ክፍል የኩሽኔታው ዘይት እንዳያፈተልክ ዙሪያውን ገፍቶ ይይዛል። ሌላውም ትኩስ ነፋስ ወደ ሞተሩ አፍ ተመልሶ በረዶ እንዳይጋገርበት ያደርጋል፤ በረዶ ተቆርሶ ቢገባ ምላጮቹን ይጎዳልና።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አስቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 የክንፉን በረዶ የሚከላከለው በኤሌክትሪክ ነው፤ የሞተሩን አፍ የሚያሞቀው ግን ያው የሞተሩ ነፋስ ነው።