ሦስት ፍሬ ጤፍ በአንድ ኩንታል

ጂቲኤ 5 የተባለውን ጌም ኮምፒውተር ላይ ለመጫን ከ100 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ደግሞ ተሰብስቦ 40 ኪሎባይት ነበር። አንድ ጂቲኤ በሚይዘው ቦታ ወደ 2.5 ሚሊዮን ሱፐር ማሪዮ ይገባል ማለት ነው። ይህ ያስገርማል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የዚህን ሁሉ ክምር አድራሻ የያዘው ነገር ማነሱ ነው።

ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስቲም የተባለ የጌም መሸጫና ማውረጃ ፕሮግራም ጌሞቹን «ስቲምአፕስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ፣ «ኮመን» በሚል ሌላ ፎልደር ያስቀምጣል። ከ«ኮመን» ጎን ለእያንዳንዱ ጌም አንድ አንድ ትንሽ ፋይል አለች። በኖትፓድ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል፤ የጌሙ ቁጥር (ለዶታ 2 570፣ ለጂቲኤ 5 271590)፣ ስሙ፣ የተቀመጠበት ፎልደር፣ መጠኑ። ሌላ ጥቂት መስመር ጨምራ ታልቃለች። ክብደቷ 1 ኪሎባይት ገደማ ነው።

100 ጊጋባይት ለ1 ኪሎባይት ሲካፈል 100 ሚሊዮን ይመጣል። አንድ ግራም ጤፍ ወደ 3,000 ፍሬ አለው እንበል፤ ኩንታሉ 300 ሚሊዮን ፍሬ ይሆናል። ያቺ ፋይል እንግዲህ ከኩንታሉ ሦስት ፍሬ ናት። ሦስቱ ፍሬ ከጠፉ ስቲም ኩንታሉን አያየውም፤ ጌሙ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ እያለ «ጫን» የሚለውን ቁልፍ መልሶ ያሳያል።

ያ ቁልፍ መተከል ዞን ባለችው ግልገል በለስ ከተማ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እናስላ። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚያወርድ መስመር አለ እንበል፤ ሳይቆራረጥ፣ ሌላ ሰው ሳይጋራው። 100 ጊጋባይት ለማውረድ 44 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። 2 ቴራባይት ጌም ልሰብስብ ላለ ሰው ደግሞ 37 ቀን።

አሁን ያንኑ 2 ቴራባይት አዲስ አበባ ላይ ሃርድ ዲስክ ውስጥ አስጭኖ፣ ከልብስ መሃል ሸጉጦ አውቶቡስ የተሳፈረን ልጅ እናስብ። በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራ፣ በቻግኒ አድርጎ ግልገል በለስ እስኪገባ ከነአዳሩ ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀበት ብንል፣ አውቶቡሱ በሰከንድ ከ92 ሜጋቢት በላይ እያስተላለፈ ነው የመጣው። ከዚያ መስመር 18 እጥፍ ይፈጥናል። ሁለት ሃርድ ዲስክ ቢይዝ ፍጥነቱ በእጥፍ ያድጋል፣ ትኬቱ ግን ያው አንድ ነው። ፊልም በፍላሽ ማስጫን የለመደ ሰው ይህን ሒሳብ ሳይሠራው ያውቀዋል።

በፍላሽ ልሞክር የሚል ሌላ ቁጥር ይጠብቀዋል፦ 4,294,967,295። ፋት 32 በሚባለው ስልት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከዚህ ባይት የበለጠ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ የፋይሉን መጠን የሚጽፍበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ። 20 ጊጋባይት ባዶ እያለው 5 ጊጋባይት አልችልም ይላል። አንዳንድ ጌም ደግሞ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አለው።

ልጁ ደርሷል እንበል። ጌሙ በራሱ አካውንት የተገዛ ነው (ፎልደር መገልበጥ ባለቤት አያደርግም)። ከሃርድ ዲስኩ ወደ ኮምፒውተሩ አንዱን የ100 ጊጋባይት ጌም በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢገለብጥ 17 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከዚያ ፎልደሩ ያለቦታው መግባቱን ያይና እዚያው ዲስክ ላይ ካት አድርጎ ሌላ ቦታ ፔስት ያደርገዋል። መቶው ጊጋባይት በአንድ ሰከንድ ይዛወራል! ምክንያቱም ከጌሙ አንድም ባይት አልተንቀሳቀሰም፤ ዊንዶውስ መዝገቡ ላይ የፎልደሩን አድራሻ ብቻ ነው የቀየረው። ዲስክ ሲለወጥ ግን ባይቱ አንድ በአንድ መጻፍ አለበት። ለዚህ ነው የመጀመሪያው 17 ደቂቃ፣ ሁለተኛው ዓይን እስኪጨፈን የሆነው።

አደጋውም እዚህች አንድ ሰከንድ ላይ ነው። ስቲምን ሳይጠይቁ የሚሠራ ጌም ከ«ኮመን» ያወጡት እንደሆነ ስቲም የሚፈልገው የድሮው አድራሻ ላይ ነው፤ እዚያ ሲያጣው ያንን የ44 ሰዓት ማውረድ ከዜሮ ሊጀምር ይነሳል። ማዛወር የሚሻለው በስቲም በራሱ፣ «ስቶሬጅ» ከሚለው ገጽ ነው፤ ሌላ ድራይቭ ላይ ላይብረሪ ፎልደር የሚጨመረውም እዚያው ነው።

ግልበጣው ሳያልቅ መብራት እንዳይጠፋ መጸለይ የልጁ ፋንታ ነው። ቁጥር ከተነሳ አይቀር፣ እዚያው መተከል ዞን ጉባ ላይ ያለው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የተተከለበት ነው፤ መደበኛ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ቢበዛ 4.5 ዋት ይሰጣል። ወረቀት ላይ ከ1.1 ቢሊዮን በላይ ሃርድ ዲስክ ባንዴ ይሽከረከራል።

ወደ ጌሙ ስንመለስ፣ ፎልደሩ «ኮመን» ውስጥ በትክክለኛ ስሙ ከተቀመጠ፣ ያቺ ትንሽ ፋይል ባትኖርም እንኳ፣ «ጫን» ብሎ ያንኑ ድራይቭ መምረጥ ይበቃል። ስቲም ከማውረዱ በፊት ያለውን ይፈትሻል። ጌሙን የሚያስተዳድረው 1 ሜጋባይት ገደማ በሆኑ ቁራጮች ከፋፍሎ ስለሆነ 100 ጊጋባይቱ ወደ 100,000 ቁራጭ ነው፤ እያንዳንዱ 20 ባይት የሆነ መለያ አለው። መለያው የገጠመውን ያልፈዋል፣ ያልገጠመውን ብቻ ያወርዳል። አዲስ አበባ ከተጫነ ወዲህ 300 ቁራጭ ተለውጦ ቢገኝ፣ በዚያው 5 ሜጋቢት መስመር 8 ደቂቃ ነው።