ቀለም ይቆይ፣ መጀመሪያ ዶሮዋ ትትረፍ

የአሜሪካ የዶሮ አርቢዎች ማኅበር ያዘጋጀው የዝርያ መስፈርት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2024 150 ዓመት ሞላው። ማኅበሩ በ1873 ቡፋሎ ላይ ተመሠረተ፤ መጽሐፉ በዓመቱ ወጣ። እንግሊዞች በ1865 ቀድመዋቸዋል። መጽሐፉ የየዝርያውን ክብደት፣ ቁመና፣ የላባና የእግር ቀለም ይደነግጋል፤ የዶሮ ትዕይንት ዳኞችም ነጥብ የሚሰጡት በዚሁ ነው። የንግድ እርባታው በድቅል ዶሮዎች ስለተያዘ፣ የጥንቶቹ ዝርያዎች ዛሬ ያሉት ይህን መጽሐፍ ይዘው በሚያረቡ ሰዎች ጓሮ ነው። ስለዚህ የመስፈርቱ አተረጓጎም ለእነዚህ ዝርያዎች የመኖርና የመጥፋት ጉዳይ ነው።

ክርክሩ የሚጠነክረው ቀለም ላይ ነው። ነጭና ጥቁር ሽንትር ያለውን ባርድ ፕሊማውዝ ሮክ እንይ። ሽንትሩን የሚያመጣው ዘረ መል ከጾታ ጋር የተያያዘ ነው፤ አውራው ከአባትም ከእናትም ይወርሰዋል፣ ሴቷ ግን ከአባቷ ብቻ። በዚህ የተነሳ አውራው ፈካ፣ ሴቷ ጠቆር ትላለች። ትዕይንቱ ደግሞ ሁለቱ እንዲመሳሰሉ ይፈልጋል። አርቢዎች መፍትሔ ያሉት አንዱን መስመር ለአውራ፣ ሌላውን ለቄብ ለይቶ ማርባት ነው። ከአውራው መስመር የሚወጡት ቄቦች፣ ከቄቡ መስመር የሚወጡት አውራዎች ለውድድር አይበቁም። ቁጥሩ ለበዛ ዝርያ ይህ ተጨማሪ ድካም ነው፤ ለተመናመነው ግን የቀረችውን ጥቂት ዘር ለሁለት መክፈል ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት።

የተሻለውን መንገድ ያሳየው ባካይ የተባለው የኦሃዮ ዶሮ ዝርያ ነው። በዋረን ከተማ ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ኔቲ ሜትካፍ በ1896 ባርድ ሮክን ከባፍ ኮቺን አውራ አዳቀሉ። የተገኙት ዶሮዎች ትልልቅ ግን ሰነፎች ስለሆኑባቸው ቀይ ጌም የተባለውን ዝርያ ደም ጨመሩበት። ዝርያው በ1904 መጽሐፉ ውስጥ ገባ፤ አውራው 4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ የአናቱ ሥጋም አጭር ስለሆነ ውርጭ አይጎዳውም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ባካይ ሊጠፋ ተቃረበ። የአሜሪካ የከብት ዝርያዎች ጥበቃ ድርጅት በ2005 ሊያድነው ሲነሳ ጫጩት በብዛት አስፈለፈለ፤ በተወሰነ ዕድሜ እየመዘነ ፈጣን አዳጊዎቹን ለየ። ጀርባቸው ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ደረታቸው ጥልቅ የሆኑትን አስቀረ። ጣይዋን የሚመርጥ ሰው ጣቱን በዳሌዋ አጥንቶች መካከል ያደርጋል፤ ክፍተቱ ሰፊ፣ አጥንቱም ቀጭንና ተለጣጭ ከሆነ ጥሩ ጣይ ናት። ቀለም የታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በጥቂት ትውልድ ውስጥ ዶሮዎቹ ክብደት ጨመሩ።

የዘመድ መዳቀልን ለመቀነስ ደግሞ መንጋውን ሦስት ቤተሰብ ማድረግ ይበቃል፦ ቄቦቹ በእናታቸው ቤተሰብ ይቀራሉ፣ አውራዎቹ በየዓመቱ ወደ ቀጣዩ ይዛወራሉ።

በእኛም አገር የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሆሮ ዶሮን በእንቁላልና በክብደት እየመረጠ አሻሽሏል። የትዕይንት መስፈርት ባይኖረንም ለበዓል ዶሮ የሚገዛ ሰው ላባውን አይቶ፣ አናቱ ነጠላ ይሁን ድርብ ለይቶ ነው ዋጋ የሚሰጠው። ስለዚህ የቀለም ፈተና እኛንም ይመለከታል።

የአገር ዶሮ ለማሻሻል የምታስቡ ሁሉ፣ ጤናን፣ እድገትንና እንቁላልን አስቀድሙ፤ ቁመናው ይከተል፤ ላባው በመጨረሻ ይምጣ።