ቀይ አፈር፣ ባዶ እግርና ዝሆኔ

ስለ ቀይ አፈር ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው አሲዳማነቱንና የሚያስፈልገውን ኖራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ይኸው አፈር በገበሬው እግር ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት እንገልጻለን።

በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው ዝሆኔ መነሻው በአብዛኛው አፈር ነው። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ ከእሳተ ገሞራ አለት የተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። ከነዚህም ውስጥ ሲሊኮን፣ አሉሚኒየምና ብረት ይገኛሉ። ገበሬው ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲሠራ ቅንጣቶቹ በቆዳው ሰርገው ይገቡና የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ። ቧንቧዎቹ ሲደፈኑ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፤ እግርም ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ያብጣል። በኢትዮጵያ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ባደረጉት ጥናት እንዲህ ያሉ ቅንጣቶችን በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ አግኝተዋል።

በባዶ እግሩ የሚሄድ ሁሉ ግን አይታመምም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የወጣ በወላይታ የተካሄደ ጥናት ተጋላጭነቱ በዘር እንደሚወረስ አሳይቷል። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም፤ እግሩን ከአፈር የጠበቀ ሰው ራሱን ሊያድን ይችላል። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ በሽተኛውን ከደቦና ከዕድር ማራቅ፣ ልጆቹንም ለጋብቻ መሸሽ በደል ነው። በቆላ በትንኝ የሚተላለፈው ዝሆኔ ሌላ ስለሆነ፣ ለመለየት ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ያስፈልጋል።

የልማት ሠራተኞችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተሉትን እንዲያስተምሩና እንዲፈጽሙ እናሳስባለን፤

1. ልጅ መራመድ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሽፍን ጫማ ያድርግ። ብዙ ገበሬ ለገበያ የሚያደርገውን ጫማ ለእርሻ ያወልቀዋል፤ ጫማ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን በእርሻ ላይ ነው።

2. ማታ ማታ እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ቅባትም መቀባት።

3. የእግር ማሳከክና ማቃጠል፣ እንዲሁም ውሎ አድሮ የሚጎድል እብጠት የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። በዚህ ጊዜ ከተደረሰበት በሽታውን መመለስ ይቻላል።

4. እግሩ ያበጠ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። በየቀኑ መታጠብ፣ መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግ ይረዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የወጣ በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደ ጥናት ይህን የመሰለ ቀላል እንክብካቤ የሕመሙን ግርሻት እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ማኅበሩ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በጅምላ እንደሚገዛ ሁሉ ጫማም በጅምላ ገዝቶ ለአባላቱ ቢያቀርብ ዋጋው ይቀንሳል። ጫማ እንደ ማረሻና እንደ ሞፈር ከእርሻ መሣሪያ ይቆጠር።