ስለ ሐኪም ወረቀትና ስለ መድኃኒት ልክ

ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሽማግሌ የመድኃኒትን ልክ ከማናቸውም መጽሐፍ አስቀድሞ ተምሮታል። ይህ ዛፍ ባገራችን ደጋ፥ በጋሞም ተራሮች ላይ ይበቅላል። የሴቴው አበባ ደርቆና ተወቅጦ፥ በውሃም ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ሲጠጣ የኮሶን ትል ከሆድ ያወጣል። ነገር ግን መጠኑ ያነሰ እንደ ሆነ የትሉ ራስ በአንጀት ላይ ተጣብቆ ይቀርና እንደ ገና ያድጋል፤ የበዛም እንደ ሆነ ጠጪውን ያስመልሰዋል፥ ጕልበቱንም ይነሣዋል፥ ነፍሱን እስከ ማሳለፍ የደረሰበትም ጊዜ አለ። እንግዲህ መድኃኒቱም መርዙም አንድ አበባ ሲሆን የሚለያቸው ልኩ ብቻ ነው።

ከአርባ ምንጭ ሆስፒታልም ሆነ ከጤና ጣቢያ የሚመጣው መድኃኒት በዚሁ ሕግ የሚገዛ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የኮሶን ልክ አዋቂው በእጁ ሰፍሮ ባፉ ይናገር ነበር፥ የአሁኑ ልክ ግን በትንሽ ወረቀት ላይ በላቲን ፊደልና ባጭር ቃል ተጽፎ ይመጣል። ሕመምተኛው ወደ መንደሩ በተመለሰ ጊዜ የሚያነብለት ሲያጣ ወደ ትምህርት ቤቱ ደጅ ይመጣና «መምህር፥ ይህ ምን ይላል? በቀን ስንት ጊዜ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው መምህሩ ሐኪም እንዲሆን አይደለም፤ ሐኪሙ የጻፈውን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ፥ ሕመምተኛው በሚሰማው በጋሞ ቋንቋ እንዲያደርስለት ነው።

አስቀድመን የቋንቋውን ነገር እንናገር። ግእዝ ለእኛ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ላቲን፥ በቀድሞው አጠራራችን ሮማይስጥ፥ ለኤውሮጳ ሊቃውንት የመጽሐፍ ቋንቋ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሯል። ሕዝቡ በቤቱ የማይናገረው ቋንቋ ሆኖ ሳለ ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች ግን ከፊሉን እስከ ዛሬ አልተዉትም። አሳጥሮ መጻፍም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ወዘተርፈ» ለማለት «ወዘተ» ብለን እንጽፋለን። በድጓውም ላይ ከንባቡ በላይ የሚሰፈሩት ደቃቃን ፊደላት ሙሉ የዜማ ሐረግን የሚያመለክቱ ናቸው፤ ከመምህር እግር ሥር ያልተማረ ሰው ፊደሎቹን ቢያነባቸውም ዜማውን አያገኘውም። የሐኪሙም ወረቀት እንዲሁ ነው።

በወረቀቱ ራስ ላይ እግሩ በመስመር የተቈረጠ «አር» ይገኛል። ይህ «ሬኪፔ» ለሚለው ቃል ምልክት ነው፤ ትርጓሜውም በግእዝ «ንሣእ»፥ ውሰድ ማለት ነው። ትእዛዙ ለሕመምተኛው ሳይሆን ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ነው፤ ይህን መድኃኒት ከመደርደሪያህ ወስደህ ስጠው ማለቱ ነው። ከዚያ በታች የመድኃኒቱ ስም፥ ኀይሉ በሚሊግራም፥ በቀን ስንት ጊዜና ለስንት ቀን እንደሚወሰድ ይከተላል። «ቢ.አይ.ዲ.» ቢል «ቢስ ኢን ዲዬ»፥ በቀን ሁለት ጊዜ ማለት ነው። «ቲ.አይ.ዲ.» በቀን ሦስት ጊዜ፥ «ኪው.አይ.ዲ.» በቀን አራት ጊዜ ነው። «ፒ.ኦ.» በአፍ የሚወሰድ መሆኑን፥ «አይ.ኤም.» በጡንቻ፥ «አይ.ቪ.» ደግሞ በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ መሆኑን ያስረዳል። «ኤ.ሲ.» ከምግብ በፊት፥ «ፒ.ሲ.» ከምግብ በኋላ፥ «ኤች.ኤስ.» በመኝታ ጊዜ ነው። «ስታት» የሚል ቃል ከተገኘ ሳይዘገይ አሁኑኑ ይሰጥ ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው «ፒ.አር.ኤን.» ነው። «ፕሮ ሬ ናታ»፥ እንደ አስፈላጊነቱ ማለት ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሕመምን ለሚያስታግሥ መድኃኒት ነው፤ ሕመሙ ሲኖር ይወሰዳል፥ ሲተው ይቀራል። ይህ ቃል ያልተጻፈበትና ቀኑ የተወሰነለት መድኃኒት ግን ሕመሙ ቢተውም የታዘዘው ቀን እስኪፈጸም ይወሰዳል። «ኦ.ዲ.» የሚለውም ሁለት ፍች አለው። ባንድ ወገን በቀን አንድ ጊዜ ማለት ነው፤ በዓይን መድኃኒት ላይ ሲጻፍ ግን «ኦኩሉስ ዴክስቴር»፥ ቀኝ ዓይን ሊሆን ይችላል። ለስኳር በሽታ የሚወጋው የኢንሱሊን መለኪያም «ዩኒት» ይባላል፤ እርሱ በ«ዩ» ፊደል ብቻ ሲጻፍ ፊደሉ እንደ ዜሮ ይነበብና 4 የነበረው 40 ይሆናል። በዚህ ምክንያት በብዙ አገር ሐኪሞች አኅጽሮቱን ትተው ቃሉን በሙሉ እንዲጽፉ ይመከራሉ። እኔም በጽሕፈት ቤት ተቀምጬ የብዙ ሰው እጅ ጽሑፍ ሳነብ ስለ ኖርሁ ነገሩ አያስደንቀኝም። ያልተለየውን ፊደል በግምት ከመሙላት ይልቅ፥ የጨንቻን ቍልቍለት ወርዶ መመለስ የሚያስፈልግ ቢሆን እንኳ፥ ወረቀቱን ወደ ጻፈው ሰው መልሶ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንለፍ። በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ሌሊቱን ጨምሮ 24ቱን ሰዓት በሦስት መክፈል ነው። የተዋጠው መድኃኒት ወደ ደም ገብቶ ሥራውን ሲሠራ፥ ጉበት እያፈረሰው ኩላሊትም በሽንት እያስወጣው ይቀንሳል፤ ተከታዩ የሚዋጠው ፊተኛው ሳያልቅ እንዲተካው ነው። ስለዚህ ሦስቱን ክኒን በጧት፥ በቀትርና በመክሰስ ጊዜ ውጦ ሌሊቱን ባዶውን የሚያድር ሰው ቍጥሩን ሞላ እንጂ ትእዛዙን አልፈጸመም። በጧቱ 12 ሰዓት፥ በቀኑ 8 ሰዓትና በምሽቱ 4 ሰዓት ቢወስደው ግን ክፍሉ ልክ ይሆናል።

የሰዓት ነገር አብዝቶ የሚያስቸግረው በወባ መድኃኒት ላይ ነው። በአባያና በጫሞ ሐይቅ ዳር ያለው ቈላ የወባ አገር ነው፤ ደገኛውም ለሥራና ለንግድ ወደዚያ ወርዶ ንዳዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፋልሲፓሩም ለሚባለው ክፉ ወባ የሚሰጠው ኮአርተም ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን፥ ላካለ መጠን ሰው በየጊዜው 4 ክኒን፥ በጠቅላላው 24 ነው። ሁለተኛው የሚወሰደው ከፊተኛው 8 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ከዚያም በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ጧትና ማታ ይወሰዳል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ባማርኛችን «ከ8 ሰዓት በኋላ ውሰድ» የተባለ ሰው ሁለት ነገር ሊሰማ ይችላል። አንዱ የ8 ሰዓት ዕድሜ ቆይተህ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ሲሆን ማለት ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን የዋጠ ሰው ሁለተኛውን መውሰድ የሚገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ቃሉን በሌላው ፍች ከሰማው ግን አራት ሰዓት ብቻ ቆይቶ ይደግመዋል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የዠመረ ደግሞ 8 ሰዓት አለፈኝ ብሎ እስከ ነገ ይጠብቅና 23 ሰዓት ሙሉ ያለ መድኃኒት ይቀመጣል። ስለዚህ መምህሩ «ከ8 ሰዓት በኋላ» ብሎ አይተው፤ ፊተኛውን በስንት ሰዓት እንደ ዋጠ ጠይቆ፥ ቈጥሮም «ዛሬ ማታ በ12 ሰዓት» ብሎ ይንገረው፥ በመያዣው ወረቀትም ላይ ይጻፍለት። ከመድኃኒቱ ጋራ ወተት ወይም ቅቤ የገባበት ቆጮ ቢበላ ይጠቅመዋል፤ ከሁለቱ ቅመሞች አንዱ ሉሜፋንትሪን ከስብ ጋራ ሲሆን ወደ ደም በደኅና ይገባልና።

ሁለተኛው ቅመም አርቴሜተር ከአሪቲ ወገን ከሆነ ከቻይና ቅጠል የተገኘ ነው። ያን ቅጠል መርምራ ኀይሉን የለየችው ቻይናዊት ሊቅ ቱ ዮዮ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ይህ ማለት የጓሮውን አሪቲ ማኘክ ወባን ይፈውሳል ማለት አይደለም፤ ዘመዱ ነው እንጂ እርሱ አይደለምና።

ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን ትኵሳቱ ሲለቀው የቀረውን ክኒን ለሌላ ቀን ብሎ በሣጥን ያስቀምጣል። ቈጣቢነት መልካም ነው፤ በዚህ ስፍራ ግን ጥፋት ነው። ትኵሳቱ የለቀቀው ብዙዎቹ ተሐዋስያን ስለ ሞቱ ነው፤ ብርቱዎቹ ግን በደሙ ውስጥ ቀርተዋል፥ ከእነርሱ የሚወለዱትም መድኃኒቱን የሚችሉት ናቸው። ባገራችን ለዚህ ወባ ክሎሮኪን ይሰጥ ነበር፤ ተሐዋስያኑ ስለ ቻሉት በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1998 በፋንሲዳር ተተካ፤ ፋንሲዳርም ስድስት ዓመት ቆይቶ በ2004 ለኮአርተም ስፍራውን ለቀቀ። መድኃኒት እንዲህ ሲያረጅ የሚከስረው አንድ ሕመምተኛ ብቻ ሳይሆን አገሩ ሁሉ ነው።

ስለ ስምም ጥቂት ልናገር። አንድ ሰው የክርስትና ስምና የዓለም ስም እንዳለው ሁሉ መድኃኒትም ሁለት ስም አለው፤ አንዱ በዓለም ሁሉ የሚታወቅበት የራሱ ስም ነው፥ ሁለተኛው ፋብሪካው ለገበያ ያወጣለት ነው። ፓራሴታሞልና ፓናዶል አንድ ናቸው። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለቱን እንደ ልዩ ልዩ መድኃኒት ቈጥሮ ባንድ ጊዜ ይውጣቸዋል። ላካለ መጠን ጤነኛ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊግራሙ ፓራሴታሞል ከ8 ክኒን ማለፍ የለበትም፤ ቢያልፍ ጉበትን ይጐዳል። ሚሊግራምና ሚሊሊትርንም መለየት ያስፈልጋል፤ ፊተኛው የመድኃኒቱ ክብደት፥ ሁለተኛው የፈሳሹ ስፍር ነው። በሕፃናት ሽሮፕ ላይ «125 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር» ቢል፥ በ5 ሚሊሊትር ፈሳሽ ውስጥ 125 ሚሊግራም መድኃኒት አለ ማለት ነው። የቤት ማንኪያ ግን አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ስለ ሆነ ከጠርሙሱ ጋራ በመጣው መስፈሪያ መስፈር ይገባል።

አሁን የምናገረው በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። በጥር 2012 ዓ.ም. አክስቴን ዓይኗን አሟት ከሣጥኗ ያገኘችውን የዓይን ቅባት አምጥታ «ደኅና ነውን?» ብላ ጠየቀችኝ። በጫፉ ላይ «06/2018» የሚል አነበብሁ። ስድስተኛው ወር የካቲት ነው፥ 2018 ለመድረስም ስድስት ዓመት ቀርቷል ብዬ ተቀቢ አልኋት። ሦስት ቀን ተቀብታ ዓይኗ ባሰባት። በኋላ የመድኃኒት ትምህርት የምትማር የእኅቴ ልጅ አይታ «ጋሼ፥ ይህ የፈረንጅ ዘመን ነው፤ ያለቀው በሰኔ 2010 ነው» አለችኝ። ባሕረ ሐሳብ ተምሬ በዓላትን የማወጣ ሰው በአንዲት ቅባት ላይ መሳሳቴ እጅግ አሳፈረኝ።

በመድኃኒት ላይ «ኤም.ኤፍ.ጂ.» የተሠራበት፥ «ኢ.ኤክስ.ፒ.» ዘመኑ የሚያልፍበት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ በኤውሮጳ አቈጣጠር ይጻፋሉ። ወደ እኛ ለመመለስ እንዲህ አድርጉ። የወሩ ቍጥር ከ1 እስከ 8 ከሆነ በወሩ ላይ 4 ጨምሩ፥ ከዓመቱ 8 ቀንሱ። ከ9 እስከ 12 ከሆነ ከወሩ 8፥ ከዓመቱ 7 ቀንሱ። 08/2026 ቢል 12ኛው ወር ነሐሴ 2018 ነው፤ 12/2026 ቢል 4ኛው ወር ታኅሣሥ 2019 ነው። የእነርሱ ወር ከእኛ ቀድሞ ስለሚያልቅ፥ ወራችን 20 ቀን ሲሆን ዘመኑ አለፈ ብሎ መቍጠር ከስሕተት ያድናል። ዱቄቱ በውሃ የተበጠበጠ የሕፃናት ሽሮፕ ግን ይህን ዘመን አይጠብቅም፤ ከተበጠበጠበት ቀን ዠምሮ ዕድሜው በጥቂት ቀናት የሚቈጠር ስለ ሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የቀን ቍጥር መመልከት ነው።

ስለ ሕጉም ማወቅ ይገባል። የመድኃኒት ቤት ሥራ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1964 በወጣው ደንብ ቍጥር 288 ይመራ ነበር። ከዚያም አዋጅ ቍጥር 176/1991፥ ቀጥሎም 661/2002፥ በኋላም 1112/2011 ወጡ። የመጨረሻው በእንግሊዝኛው 1112/2019 እየተባለ ስለሚጠራ፥ ሁለት አዋጅ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ሕጉም እንደ ቅባቱ በሁለት ዘመን ይቈጠራልና። በዚህ አዋጅ መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒት ወደ ገበያ ሳይገባ መርምሮ ይመዘግባል። አንዳንዱ መድኃኒት ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል፤ ብዙው ግን ያለ ወረቀት አይሸጥም፤ የሚያደነዝዙትም በተለየ ወረቀት ይታዘዛሉ። በገበያ ቀን በጨርቅ ላይ ተበትኖ የሚሸጥ ክኒን ስሙም ዘመኑም አይታወቅም፤ ፀሐይ የመታውም ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ ርካሽ ቢሆንም አይገዛም። በመያዣው ላይ «ባች» ወይም «ሎት» የሚል ቍጥር አለ፤ መድኃኒቱ ጕዳት ቢያመጣ ከየትኛው ሥራ እንደ ወጣ የሚታወቀው በእርሱ ነውና መያዣው ሳይጣል ለጤና ጣቢያው ወይም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይታይ።

ዘመኑ ያለፈበትም ቢሆን ተሰብስቦ ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሳል እንጂ ወደ ወንዝ አይጣልም፤ ከጨንቻ የሚወርደው የሐሬ ውሃ ቈላ ደርሶ እርሻ ካጠጣ በኋላ ወደ አባያ ይገባልና።