አሁንስ ሰው መሰለ

(ድምፅ፦ የሚኒባስ ረዳት «ጠዳ! ጠዳ!» እያለ ሲጣራ፤ በር ሲዘጋ፤ ሞተር ሲነሳ)

ተራኪ፦ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ አዘዞን አልፈን ጠዳ ደርሰናል። ለዛሬው ዝግጅታችን ጠዳን የመረጥናት በጤና ሳይንስ ኮሌጇ ምክንያት ነው። እዚህ የሚማሩት ወጣቶች ነገ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ካርድ ከፍተው ሕመምተኛ የሚቀበሉ ናቸው። ስኪዞፍሬንያን የመሰሉ ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ደግሞ በእነዚሁ ተማሪዎች ዕድሜ፣ በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው።

የምንጠይቀው ስለ ስኳርና ስለ አእምሮ ነው። በብዙ ቦታ ሁለቱ የሚታከሙት በተለያየ ክፍል፣ በተለያየ የቀጠሮ ቀን ነው። የሕመምተኛው ገላ ግን አንድ ነው።

(በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶልና በአካባቢው፣ በ1991 እና በ1992 የተወለዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ተመራማሪዎች ከእናታቸው ማሕፀን ጀምረው ሲከታተሉ ኖረዋል። በ2021 ከዚሁ መዝገብ አንድ ጥናት ወጣ። ከ9 ዓመታቸው ጀምሮ ምግብ ሳይቀምሱ የተለካው ኢንሱሊናቸው ከፍ እንዳለ የዘለቀ ልጆች፣ 24 ዓመት ሲሞላቸው የሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የመለያየት፣ ምልክት የታየባቸው ከእኩዮቻቸው በርከት ብለው ነበር። ክብደታቸው በጉርምስና መግቢያ መጨመር የጀመረ ልጆች ደግሞ ይበልጥ ለድባቴ ተጋልጠው ተገኙ። ሁለት ነገሮች አብረው ስለታዩ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ያሳስባል፤ የኢንሱሊኑ ለውጥ የታየው ገና በልጅነት፣ ማንም የአእምሮ መድኃኒት ሳያዝላቸው ነው።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ከምናቃጥለው ጉልበት ግን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። የጉልበቱ አቅርቦት ሲዛባ አንጎል ቀድሞ ቢያውቀው አያስገርምም። መንገዱ ከአእምሮ ወደ ገላም ይሄዳል፦ ጭንቀት ሲከርም ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይበዛል፣ ኮርቲሶል ደግሞ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

(ድምፅ፦ የቡና ሙቀጫ፤ የግቢ ወሬ)

ተራኪ፦ እንበልና አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ታሞ፣ ተጨንቆ፣ ከሰው ተለይቶ ከርሟል። ኦላንዛፒን የተባለው የአእምሮ ሕመም ክኒን ታዘዘለት። ይሰማው የነበረው ድምፅ ጋብ አለ፣ እንቅልፍም መጣ። ከሳምንታት በኋላ ግን ሌሊት እየተነሳ ሌማቱን ይከፍታል። ስስት አይደለም፤ ክኒኑ አንጎል ውስጥ የጥጋብን ስሜት የሚያስተላልፉ በሮችን ስለሚዘጋ ነው። ጉንጩ ይሞላል፣ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ይለቃል። ጎረቤት ቡና ላይ ምን ይላል? «ተመስገን በሉ እማማ፣ አሁንስ ሰው መሰለ!»

እናትየው ደስ ቢላት ማን ይፈርድባታል? ስትፈራ የኖረችው መክሳቱን ነው። በእኛ አገር ወፈርክ መባል ምርቃት ነውና፣ የስኳር በሽታ በዚህ በር ሲገባ የሚጠረጥረው የለም። ክኒኑን ይተው ማለታችን ግን አይደለም። በድንገት መተው ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ ስለ ክብደቱ መነጋገር ያለበት ከሐኪሙ ጋር ነው።

ይህ የጥጋቡ ወገን ነው። የአገራችን ታሪክ ግን ሌላ ወገንም አለው፣ እሱ ደግሞ ረሃብ ነው።

በ2009 ከጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አሳተሙ። በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የስኳር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድሃ፣ ወጣት ወንዶች ሆነው አገኟቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ብሎ መድቦት በ1999 የሰረዘው ጉዳይ እንደገና ይታይ ሲሉም ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህን በሽታ አምስተኛው ዓይነት ብሎ የተቀበለው በ2025፣ ባንኮክ ላይ ነው። ጎንደር ጥያቄውን ካነሳች ከ16 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከጎንደር ርቆ፣ ቡታጅራ ላይ ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። በእነዚያ ዓመታት 121ዱ አረፉ፤ ዕድሜያቸው በሦስት አሥርተ ዓመታት ያህል ተቀጭቷል። አውሮፓ ቢሆን ቀዳሚ ገዳያቸው የልብና የደም ሥር ሕመም ነው። ቡታጅራ ላይ ግን ግማሽ ያህሉን የወሰደው ተላላፊ በሽታ ነበር። የታመመ ሰው አርሶ አይበላም፤ ያልበላ ገላ ደግሞ ሳንባ ነቀርሳን አይመክትም። ስለዚህ በገላና በአእምሮ መካከል ያለውን ዝምድና ከውፍረት ብቻ የሚጀምር ትምህርት ለጠዳ ተማሪ ግማሹን ነው የሚነግረው።

(ድምፅ፦ የደወል ድምፅ ከሩቅ)

ተራኪ፦ አሜሪካ ውስጥ በዚህ መስክ ብዙ የሚወራለት ኪቶ የሚባለው አመጋገብ ነው፤ ስብ የበዛበት፣ እህል የተቀነሰበት። በ2024 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ21 የአእምሮ ሕመምተኞች ላይ ለአራት ወር ሞክሮት የሚያበረታታ ውጤት አግኝቷል። ማነጻጸሪያ ቡድን ያልነበረው ትንሽ ሙከራ ነውና በልኩ እንያዘው። ረቡዕና ዓርብ፣ ሑዳዴና ፍልሰታ የሚጾም፣ በእንጀራና በሽሮ የሚውል ቤት ይህን ከየት ያመጣዋል? ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰውማ ያለ ሐኪም ቢጀምረው አደጋ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ጥያቄ የጾም ሰዓት ነው። የጠዋቱ ክኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፣ ኢንሱሊኑ ተወግቶ ምግቡ ይዘገያል፤ ጸበል የገባ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ቤት ጥሎ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ታሰናብታለች። ሕመምተኛው ግን ራሱን ማሰናበት ይከብደዋል፤ ስለዚህ የንስሐ አባቱ ቃል ከነርሷ ምክር እኩል ይሠራል።

ክኒኑ ሲጀመር ደግሞ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ሚዛን፣ የወገብ ሜትር፣ የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ። በስኳር ክፍልም ሁለት ጥያቄ፦ እንቅልፍ እንዴት ነው? ተስፋ መቁረጥስ ይሰማሃል? ሜትፎርሚን የተባለው የቆየ የስኳር መድኃኒት በአእምሮ ክኒን ሳቢያ የመጣ ውፍረትን እንደሚቀንስ ተፈትኖ ታይቷል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ሐኪሙ ሊያስበው የሚችለው ግን ልጁ መጀመሪያ ክኒኑን የጀመረ ዕለት ስንት ኪሎ እንደነበረ ካርዱ ላይ ከተጻፈ ነው።