በእስራኤል ዲግሪ ውጭ አገር በፊዚዮቴራፒ መሥራት፦ ከመሄዳችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ፊዚዮቴራፒ የምታጠኑ ተማሪዎች ደጋግማችሁ የምታነሡት ጥያቄ አለ፤ "እዚህ በተማርኩት አሜሪካ፣ እንግሊዝ ወይም ጀርመን መሥራት እችላለሁ ወይ?" መልሱ "አዎ፣ ግን በዲግሪው ብቻ አይሆንም" ነው። በሦስቱም አገሮች ፊዚዮቴራፒ በሕግ የተጠበቀ ሙያ ነው። ዲግሪ የተማራችሁትን ይመሰክራል፤ በሽተኛ እንድታክሙ የሚፈቅደው ግን የዚያ አገር የሙያ ፈቃድ ነው። ቀጣሪው ምንም ያህል ቢፈልጋችሁ ይህን ሊያልፍላችሁ አይችልም። ቪዛም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቪዛ ፈቃድ አይሆንም፣ ፈቃድም ቪዛ አያስገኝም።

መጀመሪያ የእስራኤሉን ፈቃድ ያዙ

በ2008 በወጣው የጤና ሙያዎች ሕግ መሠረት በእስራኤል ራሱን ፊዚዮቴራፒስት ብሎ መጥራት የሚችለው ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ ከሚስራድ ሃብሪኡት፣ የምስክር ወረቀት ያለው ብቻ ነው። "ወደ ውጭ ስለምሄድ የመንግሥቱ ፈተና ምን ያደርግልኛል?" የሚሉ ተማሪዎች አሉ። ይህ አያዋጣም። የውጭ አገር ፈቃድ ሰጪዎች በተማራችሁበት አገር ፈቃድ እንዳላችሁና በሥነ ምግባር ጉድለት ተከሳችሁ እንደሆነ በተለምዶ ይጠይቃሉ። ይህን የሚመሰክረው ፈቃዱን የሰጠው ክፍል ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ግን የሚመሰክርለት የለውም።

አሜሪካ

በአሜሪካ ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። ስለዚህ "አሜሪካ ምን ይጠይቃል?" ከማለት "ኒው ዮርክ ወይስ ሜሪላንድ?" ብላችሁ ጀምሩ። አጠቃላይ መንገዱ ሦስት ደረጃ አለው።

አንደኛው የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ነው። ብዙ ጊዜ ይህን የሚሠራው ኤፍ.ሲ.ሲ.ፒ.ቲ. የሚባለው ድርጅት ሲሆን፣ የወሰዳችሁትን ኮርስ አንድ በአንድ ከአሜሪካው ትምህርት ጋር ያስተያያል። ከ2016 ጀምሮ ዕውቅና ያላቸው የአሜሪካ የፊዚዮቴራፒ ፕሮግራሞች በሙሉ በዶክትሬት ደረጃ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው ክፍተት ሊገኝበት ይችላል፤ የጎደለውን በተጨማሪ ኮርስ መሙላት ሊኖርበት ነው።

ሁለተኛው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ቶፍል፣ ነው። ሦስተኛው ኤን.ፒ.ቲ.ኢ. የሚባለው ብሔራዊ ፈተና ነው። ነጥቡ ከ200 እስከ 800 ሲሆን ማለፊያው 600 ነው። በ12 ወር ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ ከስድስት ጊዜ በላይ መቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ "እስቲ ልሞክረው" ተብሎ የሚገባበት ፈተና አይደለም።

እንግሊዝ

በብሪታንያ የሚመዘግበው ኤች.ሲ.ፒ.ሲ. ነው። እዚህ እንደ አሜሪካው ያለ ብሔራዊ ፈተና የለም። ገምጋሚዎች ትምህርታችሁንና ከምረቃ በኋላ ያላችሁን የሥራ ልምድ ከአገሩ መመዘኛ ጋር ያመዛዝናሉ። በትምህርቱ የጎደለውን ልምድ ሊሞላው ስለሚችል አንድ ሁለት ዓመት እዚህ ሠርቶ ማመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝኛ በኩል፣ በአይልትስ የምትፈተኑ ከሆነ በአጠቃላይ 7.0፣ በየክፍሉም ከ6.5 ያላነሰ ያስፈልጋል። የግምገማው ክፍያ አይመለስም፤ ወረቀት ሳይሟላ ማመልከት ገንዘብ መጣል ነው።

ጀርመን

በጀርመን ፊዚዮቴራፒ በአብዛኛው በሙያ ትምህርት ቤት የሚሰጥ የሦስት ዓመት ሥልጠና ነው፤ 2,900 ሰዓት ትምህርትና 1,600 ሰዓት የተግባር ልምምድ አለው። "እኔ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አለኝ፣ በቀላሉ ያልፋል" ማለት ግን ስህተት ነው። የክልሉ ባለሥልጣን የሚመለከተው የዲግሪውን ማዕረግ ሳይሆን የትምህርቱን ይዘትና ሰዓት ነው። ለምሳሌ ማሳጅ፣ የውሃና የሙቀት ሕክምና በጀርመን ሥርዓተ ትምህርት ራሳቸውን የቻሉ ትምህርቶች ናቸው።

ጉልህ ልዩነት ከተገኘ የጎደለው በጽሑፍ ይነገራችኋል። ከዚያ ወይ የዕውቀት ፈተና ትወስዳላችሁ፣ ወይ የማሟያ ሥልጠና ትገባላችሁ። ጀርመንኛም እስከ ቢ2 ደረጃ ያስፈልጋል።

ተማሪ ሳላችሁ የሚሠራው ሥራ

ከላይ እንዳያችሁት ሁሉም አገሮች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ምን ተማራችሁ፣ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ክፍል ተለማመዳችሁ። ይህን ከስምንት ዓመት በኋላ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ከአሁኑ ጀምሩ።

የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላቡስ በየሴሚስተሩ አስቀምጡ። ዩኒቨርሲቲ ኮርሱን ሲቀይር አሮጌው ሲላቡስ ሊጠፋ ይችላል።

የተግባር ልምምዳችሁን መዝግቡ፤ የቱ ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ፣ የትኛው ክፍል፣ ስንት ሰዓት፣ ኃላፊው ማን ነበር። ሲያልቅም አስፈርሙት።

የውጤት መዝገባችሁን፣ ጊልዮን ጽዩኒሙን፣ በእንግሊዝኛም አውጡ። ኤፍ.ሲ.ሲ.ፒ.ቲ.ን የመሰሉ ገምጋሚዎች ዋናውን የሚቀበሉት በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ሲላክ ነው፤ ስለዚህ የትኛው ቢሮ እንደሚልክ ቀድማችሁ እወቁ።

ስማችሁን አስተካክሉ። ይህ በተለይ እኛን ይመለከታል። በኢትዮጵያ ወረቀት ላይ አንድ ስም፣ በቴውዳት ዜሁት ላይ ሌላ የዕብራይስጥ ስም፣ በፓስፖርት ላይ ደግሞ ሌላ አጻጻፍ ያለው ከመካከላችን ብዙ ነው። የባዕድ አገር ገምጋሚ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በምን ያውቃል? የእንግሊዝኛው ዲፕሎማ ልክ በፓስፖርታችሁ እንደተጻፈው እንዲጻፍ ጠይቁ። ስም የቀየራችሁ ከሆነ ማረጋገጫውን ከሚስራድ ሃፕኒም አውጡ።

ከኢትዮጵያ ለመጡ ዘመዶቻችን

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ ተመርቆ ዓልያ ያደረገ ወንድም ወይም እኅት ካላችሁ፣ መንገዱ ያው ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል። እዚህ ብዙዎችን የሚያሳስት ግን አንድ ነገር አለ። ሚስራድ ሃሒኑኽ የውጭ ዲግሪን አመዛዝኖ የሚሰጠው ወረቀት ለደመወዝ ደረጃ ይጠቅማል እንጂ የሙያ ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከሚስራድ ሃብሪኡት ነው። ዕብራይስጡን የምታውቁት እናንተ ናችሁና፣ ዘመዳችሁ በተሳሳተ ቢሮ በር ላይ ወራት እንዳያጠፋ ቅጹን አብራችሁት አንብቡ፤ ወደ ትክክለኛውም ቢሮ ውሰዱት።

ደንቦችና ክፍያዎች ይለዋወጣሉ። ከማመልከታችሁ በፊት የወቅቱን መመሪያ ከፈቃድ ሰጪው ክፍል ከራሱ አንብቡ፤ የጓደኛ ወሬና የደላላ ቃል አይበቃም።