ሐርጌሳ የደረሰው የሐረማያ ውሃ

በሐርጌሳ የቀትሩ ሐሩር በረድ ሲል ጥላ ሥር ተቀምጦ በወተትና በቅመም የፈላ ሻይ እየጠጡ ጫት መቃም የቆየ ልማድ ነው። ከተማይቱ ግን ከሁለቱ አንዱንም አታበቅልም። በመካከሏ የሚያልፈው ወንዝ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚወርድ አሸዋማ ፈፋ ሲሆን፣ የመጠጥ ውሃዋ በዋነኛነት ጌድ ዴብሌ ከሚባለው የጉድጓድ ሥፍራ በቧንቧ ይመጣል፤ ቧንቧ ያልደረሰው ነዋሪ ከቦቴና ከአህያ ጋሪ ይገዛል። እንዲህ ውሃ የቸገራት ከተማ፣ ከሩቅ አገር ብዙ ውሃ በቅጠል መልክ ታስገባለች ብንል አንባቢ ይገረም ይሆናል።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መስፍን መኮንንና ሆላንዳዊው አርየን ሆክስትራ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በዓለም አማካይ ስሌት አንድ ስኒ ሻይ 27 ሊትር ያህል ውሃ ይፈጃል። ይሁን እንጂ ከዚህ ውስጥ ከአምስት እጅ አራቱ በእርሻው ላይ የዘነበ ዝናብ ነው፤ ሻይ በኬንያ ደጋም ሆነ በእኛው ውሽውሽና ጉመሮ የሚለማው ዝናብ በበዛበት ሥፍራ ነውና። ሻይ ጠጪውን ስለዚህ ብዙም አንወቅሰውም።

የጫቱ ነገር ግን ሌላ ነው። ከአወዳይ ገበያ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል በጥድፊያ የሚጓዘው፣ ከተቆረጠ በሁለት ቀን ገደማ ካልተሸጠ ስለሚጠወልግ ነው። አከማችቶ ማቆየት አይቻልምና ገበያው በበጋም ለምለም ቅጠል ይሻል፤ ዋጋውም የሚንረው ያን ጊዜ ነው። ይህን ያየ ገበሬ ማሽላውን እየተወ ጫት ተከለ፤ በሐረማያ ሐይቅ ዳርም የውሃ መሳቢያ ሞተር አቆመ። እንግዲህ ውሃው አብዝቶ የሚሳበው፣ ሐይቁ ዝናብ በማያገኝበትና ፀሐይ በምታተነው ወራት ነበር። የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃም ከዚያው ይቀዳ ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደውም ደለል ወለሉን ሞላው። ውሃው ሲሸሽ ሞተሩ ተከተለው፤ በደረቀው ወለል ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ጨርሶ ደረቀ።

በጠባብ ማሳ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ገበሬ ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ዕዳውን የከፈለው የሐረር ነዋሪ ነው፤ ለዓመታት በውሃ እጦት ከተንገላታ በኋላ፣ ከድሬዳዋ ቆላ ጉድጓዶች በሞተር ኃይል ሽቅብ በሚገፋ ውሃ ለመኖር ተገዷል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ ውሃ መልሶ ይዟል። በዙሪያው ያለው ጫትም እንዳለ ነው፤ ወደ ሐርጌሳ የሚከንፉት መኪኖችም አልቆሙም።